ሳልጠፋ መጣሁ

እናትየው ተከታታዩን ድራማ የሚያዩት ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ነው። ማየት ከተባለ ማለቴ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል መደገፊያዋ የተሸረፈውን የእንጨት ወንበራቸውን ያነሱና አዙረው ያስቀምጧታል፤ ፊታቸውን ወደ ብፌው፣ ጀርባቸውን ወደ ድራማው አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ቁጭ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ብፌው፣ ሶፋው፣ ጠረጴዛውና ቴሌቪዥኑ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለሰው የተረፈችው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም፤ እናትየው እንዲያ ዞረው ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከብፌው መሳቢያ ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው። ትንሿ ልጃቸው መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ልትሞት ነበር። «እማዬ፣ ድራማው በዚህ በኩል ነው እኮ!» ብትላቸው፣ «ዓይኔን ይወጋኛል፤ ጆሮዬ ይበቃኛል» ብለው ዝም። ዓይናቸው እኮ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ዓይን ነው! ግን ማን ይከራከራቸዋል? ሰባት ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነና ነገሩ ተለመደ። ቤት ውስጥ አንዴ ከተለመደ ደግሞ እብደትም ቢሆን ወግ ይሆናል።

ይህን ወግ በቅጡ አይታው የማታውቅ አንዲት የቤቱ ሰው ነበረች፤ እሷም ትልቋ ልጅ ናት። ትልቋ ሁለት ሰዓት ሲል መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ትወትፋለች፤ ያም አልበቃ ብሏት ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ የምትደፋበት ቀን አለ። ድራማውን፣ «የእንባ ሰገነት»ን፣ አትወድም። አትወድም ማለት ራሱ ያንሳል፤ ትጠላዋለች። ሴትየዋ ትገባለች፣ ታለቅሳለች፤ ትወጣለች፣ ታለቅሳለች። በሁለት መቶ አሥራ ሦስት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እንኳን የቀረበለትን ምሳ በልቶ ሲጨርስ አልታየም፤ ሁሉም ማንኪያውን ወርውሮ ይነሳል። በር በተከፈተ ቁጥር ሙዚቃው ሰማይ የተደረመሰ ያህል ያንባርቃል፤ የገባው ግን ወተት ያመጣ ሰው ነው። ከተማው ደግሞ ያብድለታል። ሱቅ ብትሄድ ስለ እሱ፣ ባንክ ብትሰለፍ ስለ እሱ፣ ሐኪም ቤት ተራ ብትጠብቅ ስለ እሱ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው በተሰበሰበበት «እኔ አልወደውም» ብላ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያት አስተያየት! «ያምሻል እንዴ?» ያለቻትም አለች። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ ድራማ በእኛ አፍ የምታናግረው፣ ሴትየዋን በየቀኑ እየጻፈች የምታስለቅሳት እሷው ራሷ ትልቋ ናት። ሠርቶ የማይቀምስ ወጥ ቤት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ቦርሳዋ ውስጥ ለሦስት የታጠፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ሌላ ሥራ አግኝታለች፤ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትገባውን፣ ማንም የማያነባትን ወረቀት መተርጎም። «በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል።» «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።» እንዴት ያለ ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው! አያለቅስ፣ አይጮህ፣ ልጁ የማን እንደሆነ አይጠይቅ። ለቤት ሰው ገና አልተናገረችም። ከእናቷ ጋር ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ዳር ሻይ ሲጠጡ የሚለዋወጡት ቃል ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። «ዳቦው ደርቋል።» «ሻዩ ውስጥ ንከሪው።» «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም።» «ጃንጥላ ያዢ።» አለቀ። እንዲህ የሆኑት አባትየው ከሞቱ ወዲህ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነ።

አባትየው የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደጅ ሲቆፍሩ፣ ቧንቧ ሲቀጥሉ፣ የቆፈሩትን መልሰው ሲደፍኑ ኖረው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሞቱ። ያን ሰዓት ትልቋ ስቱዲዮ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ የሌላ ድራማ ሰዎችን ስታጨቃጭቅ ነበር፤ ስልኳ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኾ አልሰማችውም። ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። እናትየው አንድም ቀን «የት ነበርሽ?» አላሏትም። ቢሏት ኖሮ ታለቅስ ነበር፣ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር፤ ያልተጠየቀ ነገር ግን በምን ይመለሳል? በሦስተኛው ወር እናትየው የአባትየውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ የብፌው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ ስማቸው አይነሳም። ትልቋም «በሦስት ወር ረሷቸው!» ብላ እናቷን በልቧ ተቀየመች፤ ቂሙም እንደ ሻዩ በየጠዋቱ ይሞቃል።

አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ወትሮው መቆሚያ የለም። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሰዉ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ተደፋ፤ ዘንቢል የያዙ አንዲት ሴትዮ «ወይ ጉድጓድ!» ብለው ሲጮኹ ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «የድራማውን ሽማግሌ ሆኑ እኮ እማማ!» አላቸው አንዱ ጎረምሳ። ትልቋ አልሳቀችም። «ወይ ጉድጓድ» የማን እንደሆነ ታውቃለቻ! ሌላው ሰው «ወይ ጉድ» ሲል አባትየው «ወይ ጉድጓድ» ነበር የሚሉት፤ ዕድሜ ልኩን ሲቆፍር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል? ይቺ ቃል ከሟች የቧንቧ ሠራተኛ አፍ ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንደደረሰች የምታውቀው በዚህች ከተማ ውስጥ እሷ ብቻ ናት። ወይም እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድራማ ትርጉም ሥራ ላይ ጌታው ከንፈር ነው። ባዕዱ ተዋናይ አፉን ሲገጥም የእኛም ቃል «መ» ወይ «በ» ወይ «ፐ» ላይ መውደቅ አለበት፤ አፉን በልቅጦ ሳለ ከንፈር የሚያስገጥም ቃል ከመጣበት፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ድራማው ውስጥ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ፤ የምታለቅሰው ሴትዮ አማት። ይህ ሽማግሌ ከሰባት ወር በፊት በነገር ተገርሞ አንድ ነገር ይላል፤ ትልቋ «ወይ ጉድ» ብትለው ቃሉ አለቀና አፉ ገና ይንቀሳቀሳል። እርሳሷን እያኘከች ቆየች፣ ቆየችና፣ እጇ ራሱ «ወይ ጉድጓድ» ብሎ ጻፈ። ልክክ! ቀጥሎ ሽማግሌው በር ከፍቶ ይገባል፤ ሰላምታው ረዘም ይላል፤ «ሳልጠፋ መጣሁ» ብላ ጻፈች። ይቺም ልክክ! አባትየው ማታ ከሥራ ሲገቡ፣ የጫማቸውን ጭቃ ደጃፍ ላይ እያራገፉ «ሳልጠፋ መጣሁ!» ይላሉ፤ እናትየው ከጓዳ ሆነው «ብትጠፋስ ማን ይፈልግሃል?» ብለው ይመልሳሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ በየማታው፣ ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ።

ከሁሉ የባሰችው ተረቷ ናት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ሰው የለም። አባትየው ግን «ድር ቢያብር ሸረሪት ያስር» ነበር የሚሉት። ልጆቻቸው ሊያርሟቸው ሲሞክሩ ይቆጣሉ። «አንበሳ የት አይቼ አውቃለሁ? ሸረሪት ግን ይኸው ቤቴ ሞልቷል። ደግሞስ ድሩ ካበረ መጀመሪያ የሚይዘው አጠገቡ ያለውን ነው!» እዚያ ድራማ ላይ ሽማግሌው ተረቱን ሲተርት ልክ የአንበሳው ቦታ ላይ ሲደርስ ጥርሱን እስከ ድዱ ገልጦ ይስቃል፤ «አንበሳ» ደግሞ በመሐሉ ከንፈር ያስገጥማል። «ሸረሪት» አያስገጥምም። ትልቋ «ሸረሪት» ብላ ጻፈች፤ «ለከንፈሩ ብዬ ነው» አለች ለራሷ። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ሸረሪት ሸረሪት ይል ጀመር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አፉን በከፈተ ቁጥር አባቷን ነበር የምትጽፈው፤ የምትጠላው ሥራ ውስጥ የማትጠላው ነገር ያ ብቻ ነበር። ከተማው ሁሉ የሰማውን ግን እናትየው አልሰሙም። «ሳልጠፋ መጣሁ» ለመጀመሪያ ጊዜ በተላለፈ ማግስት ትልቋ ሻይዋን እያማሰለች፣ እንደ ዋዛ፣ «ትናንት ድራማው እንዴት ነበር?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ደህና ነው» አሉና ፉት አሉ። በቃ! ልቧ ስብር አለ። የገዛ ባላቸውን ቃል እንደ ማንም ወሬ ሰምተው አለፉት ብላ ደመደመች።

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነው። እዚያ ጠዋት የተቀዳው ማታ ይተላለፋል፤ በማግስቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይደገማል። ትልቋ ደብዳቤዋን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል ሥራ አስኪያጁ ቀድሟት ሌላ ደብዳቤ ዘረጋላት። «አንብቢ» አላት፤ ፊቱ ጠቁሯል። ጸሐፊው አንድ ጡረተኛ የቋንቋ አስተማሪ ናቸው፤ የእጅ ጽሕፈታቸው እንደ ማተሚያ ቤት ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ። ድር ቢያብር የሚያስረው አንበሳን እንጂ ሸረሪትን አለመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ የእናንተ ሽማግሌ ግን ተረቱን አዛብቶ በማሰራጨቱ፣ ያስተማርኳቸው ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ሸረሪት እያሉ በደጄ ሲያልፉ እየሰማሁ ነው። የአርባ ዓመት ድካሜ ገደል ገባ። እንዲሁም ‹ወይ ጉድጓድ› የሚባል አነጋገር በማናቸውም መዝገበ ቃላት አለመኖሩን አረጋግጫለሁ።» ግልባጩ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ሄዷል፤ ጣቢያውም ደንግጧል።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሽማግሌው እንደ ሰው ይናገር።»

እንደ ሰው ይናገር! ትልቋ መከራከር ትችል ነበር፤ ከንፈሩን፣ ርዝመቱን፣ የሕዝቡን ፍቅር ልትደረድርለት ትችል ነበር። ግን የምትሄድ ሰው ናት። ለማንስ ብላ ትከራከር? የሚሰማው የቤቱ ሰው እንደሆነ አልሰማ። «እሺ» አለችና ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ የሁለት መቶ አሥራ አራተኛውን ክፍል ጽሑፍ ማጽዳት ጀመረች። ሦስት ቦታ ነበር። «ሳልጠፋ መጣሁ» ላይ ሰረዘችና «እንደምን አመሻችሁ» ብላ ጻፈች። «ወይ ጉድጓድ»ን «ምን ዓይነት ነገር ነው?» አደረገችው። ሸረሪቷ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበረቻቸው መሰላት። ከዚያ ሰረዘችና አንበሳውን አስገባች።

ሽማግሌውን በድምፅ የሚጫወቱት «መናኸሪያ» የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቁ ስለኖሩ ነው፤ ዛሬም ሰላም ሲሉ መንገደኛ ሻንጣውን ያነሳል። ወረቀቱን አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«የታረመው ነው ጋሼ።»

«ማን አጥፍቶ ነው የታረመው?»

አነበቡት። እንከን የለውም፤ ድምፃቸው እንደ ደወል ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ባዕዱ ሽማግሌ ጥርሱን ገልጦ ሲስቅ የመናኸሪያ ከንፈር «አንበሳ» ብሎ ገጠመ። ድምፅ ቀጂው «ማንም አያየውም፣ ይለፍ» አለ። መናኸሪያ የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቶቡሱስ በሰዓቱ ደረሰ» አሉ፣ «ሰውዬው ግን አልወረደም።» ትልቋ አልሰማሁም ብላ ወረቀት ሰበሰበች። ምሳ ሰዓት ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ሰጠች፤ ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ወሩ እስኪያልቅ ሰው እፈልጋለሁ፤ ቆሽቴን ነው ያሳረርሽው» አላት። ተገላገልኩ አለች በልቧ። የተገላገለ ሰው ግን እንዲያ አይከብደውም።

ወደ ቤት ስትመለስ ትንሿ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ጎራ ብላ እህቷን ይዛ ሄደች። እዚያም ወሬው ያው ነው። የምታለቅሰውን ሴትዮ የፀጉር አሠራር የፈለገች ደንበኛ ከሌላው በእጥፍ ትከፍላለች፤ ያም ሆኖ ሦስቱ ተራ ይጠብቃሉ። «ዛሬ ሽማግሌው ልጁ የማን እንደሆነ ይናገራል!» አለች አንዷ ራሷን ማድረቂያው ውስጥ እንደከተተች፤ በማሽኑ ጩኸት ላይ መጮኋ ነው። ትንሿ እህቷን በክርን ጎሰም አደረገቻት። «ንገሪን እንጂ፤ የማን ነው?» ትልቋ ታውቃለች። ከዚያም በላይ ታውቃለች፤ የድራማው ማጠቃለያ እጇ ላይ ከገባ ቆይቷል፤ ሽማግሌው ሁለት መቶ አርባኛው ክፍል ላይ እንደሚሞት ከሥራ አስኪያጁና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። «የወተት አምጪው ነው» አለቻት። ሴቶቹ ለአንድ አፍታ አምነዋት ሊጮኹ ነበር።

ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ትልቋ ወደ ክፍሏ አልገባችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም፤ የመጨረሻ መጨረሻው እንዴት እንደሚመስል ልየው ብላ ይሆናል። ትንሿ «ፀሐይ በየት ወጣች!» ብላ ቀለደችባት። እናትየው አንዴ አዩዋት፣ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ትልቋ ነገሩን በወሬ ታውቀው ነበር እንጂ እንዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም። የእናቷ ቀጭን ማጅራት፣ የነጠላቸው ጫፍ፣ ከፊታቸው የተዘጋው መሳቢያ። በጎን ስታያቸው ዓይናቸው ተጨፍኗል። ሴትየዋ ስታለቅስ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ሙዚቃው ሲያንባርቅ ቅንድባቸው እንኳን አልተነሳም። ይሄ ድራማ የሚወድ ሰው ፊት አይደለም፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ትልቋ ግራ ገባት።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ፤ ሽማግሌው ሊገባ ነው። እናትየው ወገባቸውን ቀና አደረጉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ጠበቀ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ተከፈተ፤ የሆነ ቃል አፋቸው ላይ ተዘጋጅቶ ቆመ። ትልቋ ያን ጊዜ ገባት። ገባትና ተነስታ ቴሌቪዥኑን ነቅላ ብትጥለው በወደደች።

«እንደምን አመሻችሁ» አለ ሽማግሌው።

የእናትየው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። የያዙትን ቃል የሚሰጡት ሰው አልመጣም። ቀስ ብለው ገጠሙት። ጠበቁ። ሽማግሌው ተቀመጠ፣ «ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር ጥርሱን ገልጦ ተናገረ። እናትየው ተነሱ። ወንበሯን ጭርር እያደረጉ አዞሯት፤ ሰባት ወር ሙሉ ጀርባቸውን የሰጡትን ስክሪን ፊት ለፊት አዩት። ጢሙን አዩት፣ የሐር ክራቫቱን አዩት፣ የወርቅ ሰዓቱን አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ።

ትንሿ ፈገግ አለች። «እማዬ ደግሞ! ሽማግሌው ነዋ፤ አማትየው!»

«አይደለም።»

«ኧረ እሱ ነው! ዞረሽ ስለማታዪው እኮ ነው።»

«እኔ የማውቀው ሰው አይደለም። ዝጊው።»

«እማዬ በእግዚአብሔር! ልጁ የማን እንደሆነ አሁን እኮ ነው የሚናገረው!»

«ዝጊው አልኩሽ!»

ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ሲል ከተሰማ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ትንሿ ዘጋችው፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል እናቷንና እህቷን እያፈራረቀች አየች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ጎረቤት በረረች። አይፈረድባትም፤ ሰባት ወር የጠበቀችው ነው። የጎረቤቱ ቴሌቪዥን በግድግዳው በኩል ያለቅሳል።

«አንቺ ነሽ ያወጣሽው?» አሉ እናትየው፣ ጥቁሩን ስክሪን እያዩ።

«አውጪ ብለውኝ ነው።» ትልቋ ወደ እናቷ ዞረች። «ታውቂ ነበር?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰማሁትን? ጆሮ አለኝ እኮ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ጠይቄሽ ‹ደህና ነው› አልሽኝ!»

«ብነግርሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራኋ። አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አየሁሽ ሲሉሽ የምትደበቂ ልጅ ነሽ።» በእጃቸው ወደ ስክሪኑ አመለከቱ። «ፊቱን ሳየው ሌላ ሰው ነው። ድምፁም የእሱ አይደለም። ቃሉ ግን የእሱ ነው። ዞሬ ስቀመጥ ከዚያ ከበሩ የገባ ይመስለኛል። ሰው ሲስቅብኝ ዓይኔን ነው አልኩ፤ ምን ልበል ታዲያ?»

«ፎቶውንስ?» አለች ትልቋ። ሁለት ዓመት አፏ ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው። «በሦስት ወሩ ነው እኮ ያወረድሽው።»

«ስገባ ስወጣ ሲያየኝ ሥራ አላሠራ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ሲያሰኘኝ አየዋለሁ፤ ያለዚያ በእግሬ አልቆምም ነበር።» ይህን ብለው ተራቸውን ተቆጡ። «ድራማውንማ ማን ወዶት! ያቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትነፋረቀው? አንድ ሰው ምሳውን እንኳን በሰላም አይበላም እዚያ ቤት! ያንን ሁሉ ጩኸት የምችለው ለአንዲት ቃል ብዬ ነው።»

ትልቋ ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፤ እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሏት። ፊቷን ስትጠርግ ቆየችና፣ «ሥራውን ልለቅ ነው እማዬ። ዛሬ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ» አለች።

በግድግዳው በኩል ሙዚቃው አንባረቀ።

«ልቀቂ» አሉ በመጨረሻ። «የምትጠዪውን ሥራ ሥሪ አልልሽም። እሱን ግን ለማን ትተሽው ትሄጃለሽ?»

«ሽማግሌው ይሞታል እኮ። ሁለት መቶ አርባኛው ክፍል ላይ። ከዛሬ ጀምሮ ሃያ ስድስት ቀን ነው የቀረው።» ይህን ስትናገር እናቷን ለማየት ፈራች።

«ይሙት፤ ሰው አይደል?» አሉ እናትየው። «ግን እንደራሱ እያወራ ይሙት። አንቺም አጠገቡ ሁነሽ።»

ሁለት ዓመት ሳይጠየቅ የኖረው «የት ነበርሽ?» እንዲህ ሆኖ ተጠየቀ፤ እንዲህ ሆኖም ተመለሰ። ትልቋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። «ከዚያ በኋላ» አሉ እናትየው፣ ወንበራቸውን ይዘው እየተነሱ፣ «አንቺም መጻፉን፣ እኔም መስማቱን እንተወዋለን። ተስማማን?»

ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። መናኸሪያ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። ነገ ረፋድ ድጋሚው ከመተላለፉ በፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይምጡ ስትላቸው፣ «ሸረሪቷን ይዘሽ ነው?» አሉ። ይዤ ነው አለቻቸው። ሥራ አስኪያጁስ? ለእሱም፣ ለአስተማሪውም መልሱን ራሷ ልትጽፍ ነው፤ ተረቱ የተዛባ ሳይሆን የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ መሆኑን፣ ሰውየውም ሃያ ስድስት ቀን ብቻ እንደቀረው፣ እስከዚያ ቢታገሱት። ደብዳቤዋም እስከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። «እንግዲያውስ ከመነሻው ሰዓት በፊት እገኛለሁ» አሉ መናኸሪያ፣ ሻንጣ በሚያስነሳው ድምፃቸው። ስልኩን ዘጋችና ትንሽ ቆመች። ጠዋት የተፈራው ዝናብ አሁን አካፍቶ ደጃፉ ረጥቧል፤ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ። በሩን ገፋ አደረገች፣ እግሯን ምንጣፉ ላይ አራገፈች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሳልጠፋ መጣሁ» አለች።

ከጓዳ የሚሰማው የሳህን ኳኳታ ቆመ። ዝም ሆነ፣ ዝም ሆነና፣ ትልቋ ባልተናገርኩ ብላ ልትጸጸት ስትል፣

«ብትጠፊስ» አሉ እናትየው፣ «ማን ይፈልግሻል?»